ዶክተር ኤርንስት ግሬፈንበርግና የብሩ ቀለበት

በአገራችን ጤና ጣቢያዎች ሉፕ እየተባለ የሚጠራው፥ በማሕፀን ውስጥ የሚቀመጠው የወሊድ መከላከያ ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ መታወስ የሚገባቸው ሰው ዶክተር ኤርንስት ግሬፈንበርግ ናቸው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1881 በጀርመን አገር፥ በጎቲንገን አቅራቢያ በምትገኝ አዴሌብዘን በምትባል ትንሽ ከተማ ከአይሁድ ወገን ተወለዱ። ሕክምና ተምረው በ1905 በዶክተርነት ከተመረቁ በኋላ በበርሊን የሴቶች ሐኪም ሆኑ።

በዚያ ዘመን ድኻይቱ እናት ወይ በየዓመቱ ትወልዳለች፥ ወይ በስውር ስታስወርድ ትሞታለች። አስቀድሞ የተሠሩት መከላከያዎች ደግሞ ዘንጋቸው በማሕፀን አንገት አልፎ ወደ ውጭ ስለሚወጣ ለበሽታ መንገድ ይከፍቱ ነበር። ግሬፈንበርግ ይህን አይተው፥ መጀመሪያ ከሐር ትል ጅማት፥ ኋላም ከብር ሽቦ ጠምዝዘው፥ ጠቅላላው ከማሕፀን ውስጥ የሚቀር ቀለበት ሠሩ። በ1930 በዙሪክ ጉባዔ፥ የብሩን ቀለበት ካደረጉት ሴቶች ያረገዙት ከመቶ 2 እንደማይሞሉ አስረዱ።

የሙያ ጓደኞቻቸው ግን ነቀፏቸው። ቁስለትን የሚፈውሱት ዛሬ የምናውቃቸው መድኃኒቶች ገና አልነበሩምና ፍርሃቱ መሠረት አልነበረውም አንልም። ስሕተታቸው ዘንግ ያለውንና የሌለውን ሳይለዩ ሁሉን በአንድ ላይ መኰነናቸው ነው። ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 ከሆስፒታል ሹመታቸው ተነሡ፤ በ1937 ታሰሩ። በ1940 በማርጋሬት ሳንገርና በሌሎች ወዳጆች ጥረት ተፈትተው ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በ1957 በኒው ዮርክ ሲሞቱ ሥራቸው እንደ ተነቀፈ ነበር።

ከ2 ዓመት በኋላ ከእስራኤልና ከጃፓን የወጡ ጥናቶች ቀለበቱ መልካም መሆኑን ገለጹ። ቀጥሎ አሜሪካዊው ዶክተር ሊፕስ የፕላስቲክ ሉፕ አወጡ፤ የእኛም አጠራር ከዚያ የመጣ ነው። በ1969 የቺሌው ዶክተር ዚፐር መዳብ እርግዝናን እንደሚከለክል አሳዩ። የግሬፈንበርግም ሽቦ ሲመረመር ሩብ ያህሉ መዳብ ሆኖ ተገኘ! በደብረ ኤልያስ የቅኔ ቤት አነጋገር ሰሙ ብር፥ ወርቁ መዳብ ነበረ፤ ባለቤቱ ራሳቸው ግን ወርቁን ሳያውቁት ሞቱ።

ዛሬ መዳብ የተጠመጠመበት ሉፕ ሆርሞን ሳይኖርበት የወንዱን ዘር እያዳከመ እስከ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የወር አበባን ሊያበዛና ቁርጠት ሊያመጣ ይችላል። ሴቲቱ በፈለገች ጊዜ ሲወጣላት መውለድ ትችላለች።

ሆኖም በየገጠሩ ሉፕ ወደ ልብ ይወጣል፥ ለዘለዓለም ያመክናል የሚል ወሬ ይሰማል። ለዕረፍት ወደ ደብረ ኤልያስ ስንወርድ እናቶቻችንንና እኅቶቻችንን በመናቅ ልንገሥጻቸው አይገባንም፤ በበርሊን የተማሩት ሐኪሞችም ሳይመረምሩ ፈርደው ነበርና። የእኛ ድርሻ ጥቅሙንም ጉዳቱንም ሳንደብቅ ማስረዳት ነው። ምርጫው የሴቲቱ ነው።