ማይክል ፋራዴይና የማግኔት ሕክምና

ብዙ ዓይነት መድኃኒት ወስዶ ያልተሻለውን የድባቴ ሕመምተኛ ለመርዳት ከተገኙት ዘዴዎች አንዱ፣ በራስ ላይ በሚቀመጥ የሽቦ ጥቅልል አማካይነት የሚሰጠው የማግኔት ሕክምና ነው። መሣሪያው አዲስ ይምሰል እንጂ የቆመበት ሕግ የተገኘው በ1831 ዓ.ም. ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሕጉን ያገኘውም ሐኪም ሳይሆን የአንድ ችግረኛ አንጥረኛ ልጅ ነበር።

ማይክል ፋራዴይ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1791 ዓ.ም. በለንደን አጠገብ ተወለደ። በትምህርት ቤት ያገኘው ዕውቀት ከማንበብ፣ ከመጻፍና ከጥቂት ሂሳብ አላለፈም። በ14 ዓመቱ ከአንድ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሙያ ሊማር ገባ፤ የሚጠርዛቸውንም መጻሕፍት እያነበበ ከሳይንስ ጋር ተዋወቀ። በ1812 የታላቁን ኬሚስት የሃምፍሪ ዴቪን ንግግሮች አዳምጦ የያዘውን ማስታወሻ በገዛ እጁ ጠርዞ ላከለት። በተከታዩም ዓመት ሮያል ኢንስቲትዩሽን በተባለው የለንደን ተቋም የላቦራቶሪ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ።

ኦገስት 29 ቀን 1831 ፋራዴይ በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት የሽቦ ጥቅልሎች ጠምጥሞ በአንደኛው ኤሌክትሪክ አሳለፈ። ከሁለተኛው ጋር የተያያዘው የመለኪያ መርፌ የተነቃነቀው ግን ፍሰቱ ሲጀመርና ሲቋረጥ ብቻ ነበር፤ ፍሰቱ ሳይለዋወጥ በቀጠለ ጊዜ መርፌው ጸጥ አለ። እንግዲህ ኤሌክትሪክን የሚወልደው የማግኔት ኃይል መኖር ሳይሆን መለዋወጡ መሆኑን ተረዳ።

ይህ ብርቱ አእምሮ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዛለ። ከ1839 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ራስ ማዞር፣ ራስ ምታትና የማስታወስ ድክመት ስለ ጠናበት ምርምሩን ለመቀነስ ተገደደ፤ በ1841ም ከባለቤቱ ከሣራ ጋር ለዕረፍት ወደ ስዊዘርላንድ ሄደ። ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ለሕመሙ ስም ማውጣት ለሐኪም አይገባም። ይሁንና የማስታወስ ድክመቱ ፈጽሞ ባይለቀውም፣ በ1845 ወደ ሥራው ተመልሶ ማግኔት በብርሃን ላይ ኃይል እንዳለው አሳየ።

ለሙያችን ከዚህ የማያንስ ትምህርት የሚሰጠው በ1853 የሠራው ሥራ ነው። በዚያን ጊዜ ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እጃቸውን ሲያኖሩበት ጠረጴዛው በረቂቅ ኃይል ይዞራል የሚል እምነት በለንደን ተስፋፍቶ ነበር። ፋራዴይ በእጆቻቸውና በጠረጴዛው መካከል ተንሸራታች ወረቀቶች አኑሮ፣ ከጠረጴዛው ቀድሞ የሚንቀሳቀሰው እጅ መሆኑን አረጋገጠ። ሰዎቹ አታላዮች አልነበሩም፤ ሳያውቁት የሚገፉት ከልብ የተመኙት ነገር እንዲሆን ስለ ጠበቁ ነው።

ሹመትና ክብር የማይሻው ፋራዴይ የሮያል ሶሳይቲን ፕሬዚዳንትነት አልቀበልም ብሎ፣ ኦገስት 25 ቀን 1867 በሃምፕተን ኮርት ዐረፈ። በ1985 ዓ.ም. አንቶኒ ባርከርና የሥራ ባልደረቦቹ በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ ጥቅልሉን በራስ ላይ አድርገው፣ የእጅ ጡንቻ ያለ ሕመም እንዲነቃነቅ አደረጉ። ከሴኮንድ አንድ ሺኛ ባነሰ ጊዜ የሚለዋወጠው የማግኔት ኃይል የራስ ቅልን አልፎ በአንጎል ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ ይህም ያው የ1831 ሕግ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር መሣሪያው ለድባቴ ሕክምና እንዲውል በ2008 ፈቀደ።

ሕክምናው ማደንዘዣ አያሻውም፤ ብዙውን ጊዜም በሳምንት አምስት ቀን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይሰጣል። ራስ ምታትና የራስ ቆዳ ሕመም ሊያስከትል ይችላል፤ አልፎ አልፎም የሚጥል በሽታን የመሰለ መንቀጥቀጥ ሊደርስ ስለሚችል ሕመምተኛውን አስቀድሞ በጥንቃቄ መመርመር ያስፈልጋል። በራሱ ውስጥ ማግኔት የሚስበው ብረት ወይም የተተከለ የመስሚያ መሣሪያ ላለው ሰው አይሰጥም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ለሕመምተኛው የሚነገረው ቃል ነው። ብዙ መድኃኒት ሞክሮ ተስፋው የመነመነ ሰው አዲስ መሣሪያ ሲያይ ይጓጓል፤ ሐኪሙም አብሮት ይጓጓል፤ ሁለቱም ሳያውቁ ጠረጴዛውን ይገፋሉ። ስለዚህ እውነተኛው ጥቅልል ከማስመሰያ ጥቅልል ጋር መነጻጸር ነበረበት። በ2010 በታተመ የ190 ሕሙማን ጥናት፣ እውነተኛውን ካገኙት ከመቶ 14 ያህሉ፣ ማስመሰያውን ካገኙት ደግሞ ከመቶ 5 ያህሉ የሕመሙ ምልክት ለቀቃቸው። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ጥናት አብዛኞቹ አልዳኑም። ይህን ቁጥር ሳያሳንስና ሳያጋንን ለሕመምተኛው የሚነግር ሐኪም የፋራዴይን ጥቅልል ብቻ ሳይሆን ሚዛኑንም ወርሷል።