ስታይንሜትዝ፤ ኩባንያ ለኮሌጅ ያዋሰው ሊቅ

በዛሬው እሑድ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው የቻርልስ ፕሮቲየስ ስታይንሜትዝን የሕይወት ታሪክ ነው። የኤዲሰንን ስምና የአምፑሉን ነገር በየትምህርት ቤቱ የማያውቅ ተማሪ የለም። ነገር ግን ኃይሉ ከፏፏቴው ተነሥቶ በረዥም ሽቦ ሲመጣ በመንገድ ላይ ምን ያህሉ እንደሚጠፋ፣ የትኛውስ መሣሪያ እንደሚግል አስቀድሞ በወረቀት ላይ የሚታወቅበትን ስሌት ለመሐንዲሶች ያስተማረው ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱን የሚያገኘው ጥቂት ሰው ነው። እኛን ስለዚህ ሰው እንድንጽፍ ያነሣሣን ግን የስሌቱ ነገር ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለውን ዕውቀት ለማስተማርና ለመመርመር ገንዘቡን መክፈል ያለበት ማን ነው? መንግሥት ነው፣ ኮሌጁ ነው ወይስ ኃይሉን የሚሸጠው ኩባንያ? የስታይንሜትዝ ዕድሜ አብዛኛው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ያለፈ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

ስታይንሜትዝ የተወለደው በ1865 ዓ.ም. በፕሩሲያ ግዛት በብሬስላው ከተማ ነው፤ ከተማዋ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ስትሆን ቭሮጽዋፍ ትባላለች። አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። እናቱ ገና ሕፃን ሳለ ሞተችበት። አባቱም አያቱም ጐባጦች ስለ ነበሩ እርሱም እንደ እነርሱ ጀርባው ጐብጦ፣ ዳሌውም ተጣሞ ተወለደ፤ ካደገ በኋላ እንኳ ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ብዙም አላለፈም። አእምሮው ግን ለሂሳብ የተፈጠረ ነበርና በ1883 ዓ.ም. በከተማው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሂሳብና ፊዚክስ መማር ጀመረ። ፕሮቲየስ የሚለው ስም በዚያ ጓደኞቹ በቅጽልነት ያወጡለት ነው፤ በግሪኮች ተረት መልኩን እንደ ፈለገ የሚለዋውጥ የባሕር አምላክ ስም ነው።

በዚያን ጊዜ በጀርመን አገር በቢስማርክ አገዛዝ የሶሻሊስቶች እንቅስቃሴ በሕግ የተከለከለ ነበር። ወጣቱ ስታይንሜትዝ በሶሻሊስቶች ጋዜጣ ላይ ይሠራ ስለ ነበረ ፖሊስ ይከታተለው ጀመር። የዶክትርነት ማዕረጉን ለመቀበል ጥቂት ሲቀረው በ1888 ዓ.ም. ትምህርቱን ጥሎ ወደ ስዊስ አገር ሸሸ። በዙሪክ ጥቂት ጊዜ እንደ ተማረም አስሙሰን የሚባል የትምህርት ጓደኛው የመርከቡን ዋጋ ከፈለለትና በ1889 ዓ.ም. ሁለቱ አብረው ኒው ዮርክ ደረሱ። የወደቡ ሹማምንት ሰውነቱን አይተው፣ ገንዘብ እንደሌለውና እንግሊዝኛም በቅጡ እንደማያውቅ ተረድተው ሊመልሱት ቃጥቷቸው ነበር። አስሙሰን ተያዥ ሆኖ አስገባው። እንግዲህ ለዚህ ሊቅ የመጀመሪያውን ወጪ የቻለለት መንግሥትም ኩባንያም ሳይሆን የአንድ ተማሪ ኪስ ነበር።

ከኒው ዮርክ አጠገብ ባለችው በዮንከርስ ከተማ ሩዶልፍ አይክማየር የሚባል ከጀርመን የመጣ ባለ ፋብሪካ ነበር። ይህ ሰው የባርኔጣ መሥሪያ መኪና እየሠራ ከከበረ በኋላ ወደ ኤሌክትሪክ ሞተር ዞሮ ስለ ነበረ ስታይንሜትዝን በነዳፊነት ቀጠረው፤ ችሎታውንም ሲያይ አነስተኛ ላቦራቶሪ አደራጀለት። በዚያም ውስጥ ወጣቱ ብዙ መሐንዲሶችን ያስቸገረ አንድ ነገር ይመረምር ጀመር። በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞተር ወይም ትራንስፎርመር በውስጡ ያለው ብረት ማግኔትነቱ ባለማቋረጥ ወዲያና ወዲህ ስለሚገለባበጥ ይግላል፤ ያም ሙቀት የባከነ ኃይል ነው። ስንት እንደሚባክን ለማወቅ መሣሪያውን ከሠሩ በኋላ መለካት ግድ ነበር፤ የማይሆን ሆኖ ሲገኝም የተደከመበት ሁሉ በከንቱ ይቀራል። ስታይንሜትዝ የልዩ ልዩ ብረቶችን ጠባይ እየለካ ብክነቱን አስቀድሞ የሚያሳውቅ ሕግ አወጣና በ1892 ዓ.ም. ለአሜሪካን የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር አቀረበው። በ26 ዓመቱ ስሙ ታወቀ።

በዚያው ዓመት ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ተቋቋመ። ብዙም ሳይቆይ የአይክማየርን ፋብሪካ ጠቀለለና ስታይንሜትዝ የኩባንያው ሰው ሆነ፤ ከ1894 ዓ.ም. ጀምሮም እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ መኖሪያው ስኬኔክታዲ የምትባለው የኒው ዮርክ ስቴት ከተማ ሆነች።

ታላቁ ሥራው ስለ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ስሌት ያወጣው ዘዴ ነው። ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጡ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። የሁለቱም ክንድ እኩል ብርቱ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አንደኛዋ ዘነዘናዋን ስታነሣ ሌላይቱ ትጥላለች። ስለዚህ ጉልበታቸውን ብቻ ደምረን ሥራቸውን ማወቅ አንችልም፤ ማን ቀድማ ማን ተከትላ እንደምትወቅጥም መቁጠር አለብን። በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክም የኤሌክትሪኩ ግፊትና ፍሰቱ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይመላለሳሉ፤ አንዱም ከሌላው ጥቂት ወደ ኋላ ይቀራል። ይህንን ቅጽበት በቅጽበት ማስላት ረዥምና አድካሚ ስለ ነበረ የሚችለው ጥቂት ሰው ብቻ ነበር። ስታይንሜትዝ የሂሳብ ሊቃውንት ቀድሞ ያውቁት የነበረውን ኮምፕሌክስ ቁጥር አምጥቶ፣ መጠኑንና መዘግየቱን በአንድ ቁጥር አስሮ፣ አስጨናቂውን ስሌት ወደ ተራ አልጀብራ መለሰው። አርተር ኬኔሊም በዚያው ሰሞን በዚሁ መንገድ ይሄድ ነበር፤ ዘዴውን እስከ ዳር ያደረሰውና ያስፋፋው ግን ስታይንሜትዝ ነው። ዛሬም በአምስት ኪሎ የኤሌክትሪክ ምህንድስና የሚማር ወጣት ጄ የምትባለውን ፊደል በስሌቱ መካከል ሲጽፍ በዚሁ ዘዴ መጠቀሙ ነው።

ዘዴውን በ1893 ዓ.ም. በቺካጎ በተደረገው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ጉባኤ አቀረበ፤ በጊዜው ግን የተረዳው ጥቂት ሰው ነበር። በ1896 ዓ.ም. የናያጋራ ፏፏቴ ኃይል 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ቡፋሎ ከተማ ገባ። በየስፍራው መስመር ይዘረጋ ጀመር፤ የሚያሰላው ሰው ግን አልነበረም። ስታይንሜትዝ ከባልደረባው ከኧርንስት በርግ ጋር ሆኖ በ1897 ዓ.ም. ስለ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ መጽሐፍ ያሳተመው ስለዚህ ነው። መጽሐፍ ብቻውን እንደማይበቃም የተረዳው ያኔ ይመስለናል።

በ1900 ዓ.ም. ኩባንያው ለዕለት ገበያ ሳይሆን ለሳይንስ ምርምር የሚሆን ላቦራቶሪ እንዲያቋቁም ከወተወቱት ሰዎች አንዱ ስታይንሜትዝ ነበር። ሥራው የተጀመረው እርሱ በሚኖርበት ቤት ጓሮ ባለ ጋጣ ውስጥ ነው። ኃላፊ ሆኖ የመጣውም ዊሊስ ዊትኒ የተባለ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መምህር ሲሆን፣ በመጀመሪያ በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ በባቡር እየተመላለሰ ይሠራ ነበር። ጋጣው በ1901 ዓ.ም. ቢቃጠልም ላቦራቶሪው አልቆመም። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ ኩባንያው ምርምር ሲፈልግ ሰው የተበደረው ከዩኒቨርሲቲ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ብድሩ ተመለሰ። በስኬኔክታዲ ከ1795 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ ዩኒየን ኮሌጅ የሚባል ትንሽ ኮሌጅ ነበር። የኤሌክትሪክ ምህንድስና ትምህርት ለመስጠት ፈልጎ ሳለ በቂ መምህርም መሣሪያም አልነበረውም፤ ስታይንሜትዝን የመሰለ ሰው ለመቅጠርም ካዝናው አይፈቅድለትም። በ1902 ዓ.ም. ነገሩ እንዲህ ሆኖ ተፈታ፦ ስታይንሜትዝ ከኩባንያው ደመወዙን እየተቀበለ የኮሌጁ የኤሌክትሪክ ክፍል ኃላፊና ፕሮፌሰር ሆነ፤ ከኮሌጁ ግን ምንም ደመወዝ አልወሰደም። ኩባንያው መሣሪያ በመስጠት ረዳ። እስከ 1913 ዓ.ም. ክፍሉን መራ፤ ከዚያ በኋላ ቦታውን ለበርግ ለቀቀለት። ከብሬስላው የዶክትርነት ማዕረጉን ሳይቀበል የሸሸው ሰው ሐርቫርድ በ1902፣ ዩኒየን ኮሌጅም በ1903 ዓ.ም. ማዕረግ ሰጥተው አከበሩት።

ይህ ስምምነት ለኮሌጁ ጠቀመው፣ ለኩባንያውም ጠቀመው፤ የተማሩት ወጣቶች ቢፈልጉ መንገድ ተሻግረው ከፋብሪካው ይገባሉና። ነገር ግን አደጋ የሌለበት አድርገን ልናወራው አንወድም። የመምህሩን ደመወዝ የሚከፍል ሰው ትምህርቱንም ወደ ራሱ ጥቅም ለመጐተት ይችላል። ስታይንሜትዝ ግን ኮሌጅ የአንድን ፋብሪካ የዕለት ዘዴ የሚያስተምርበት ቦታ መሆን የለበትም ብሎ ይከራከር ነበር። ተማሪው የፎርሙላ ብዛት ከሚሸመድድ ይልቅ መሠረቱን ጠንቅቆ ቢያውቅ ይሻለዋል ይል ነበር፤ መሐንዲስ የጥንት ቋንቋዎችንና ሥነ ጽሑፍን ቢማር እንደሚጠቅመውም ያምን ነበር። ከሁሉም በላይ ዘዴውን በመጽሐፍ ስላሳተመው የተፎካካሪው የዌስቲንግሃውስ መሐንዲስ እንኳ ገዝቶ ሊማርበት ይችል ነበር። በእኛ አስተያየት ስምምነቱን መልካም ያደረገው የውሉ ቃል ሳይሆን የሰውየው ጠባይ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው ደግሞ በየዘመኑ ማግኘት አይቻልም። ወጣት ሹማምንት የሆናችሁ አንባቢዎቻችን ይህንን ብታስቡበት እንወዳለን። በአገራችን ለታላቁ የዓባይ ግድብ ሕዝቡ ቦንድ እየገዛ ገንዘቡን አዋጥቷል፤ ገንዘቡ የት እንደ ደረሰም ሄዶ በዐይኑ ሊያየው ይችላል። ለአንድ የፕሮፌሰር ወንበርና ለአንድ ላቦራቶሪ የተከፈለ ገንዘብ ግን ፍሬው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ያውም በሌላ ሰው እጅ ስለሚታይ የሚያዋጣለት አይበዛም።

ስታይንሜትዝ ራሱ ኃይል የሕዝብ ሀብት መሆን አለበት ከሚለው የወጣትነት እምነቱ አልወጣም። የትልቅ ኩባንያ ባለሟል ሆኖ ሳለ ሶሻሊስት መሆኑ ብዙ ሰው ያስገርም ነበር። ከ1912 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የስኬኔክታዲን የትምህርት ቦርድ በፕሬዚዳንትነት መርቷል፤ በ1922 ዓ.ም. የሩሲያን አገር በኤሌክትሪክ ለማልማት ምክር ቢያስፈልግ ለመርዳት ዝግጁ መሆኑን ለሌኒን ጽፎ ሌኒንም መልሶለታል። በዚያው ዓመት የኒው ዮርክ ስቴት መሐንዲስ ለመሆን በምርጫ ተወዳድሮ ተሸነፈ።

ወደ መጨረሻው የያዘው ምርምር የመብረቅ ነገር ነበር። በረዣዥሞቹ መስመሮች ላይ መብረቅ ሲወርድ መሣሪያ ይቃጠላል፣ ከተማም ይጨልማል። በ1920 ዓ.ም. ከከተማ ወጣ ብሎ በወንዝ ዳር የሠራትን የዕረፍት ጎጆ መብረቅ መታት። እርሱ እንደ ማዘን በዕድሉ ተደሰተ፤ በቤቱ የነበረውን የተሰባበረ መስተዋት ፍንካች እየለቀመ እንደ ነበረ ገጣጥሞ ኃይሉ የሄደበትን መንገድ አጠና። ከዚያም ኮንዴንሰሮችን ደርድሮ ከ100,000 ቮልት በላይ የሆነ ሰው ሠራሽ መብረቅ የሚያወጣ መሣሪያ ሠራና በ1922 ዓ.ም. ለጋዜጠኞች አሳየ። እንጨት ሲሰነጠቅና ሲበተን ያዩት ሰዎች ትርዒቱን አደነቁ። መሐንዲሶቹ ግን የመስመር መከላከያዎችን ዝናብ ሳይጠብቁ በላቦራቶሪ የሚፈትኑበት መንገድ ስለ ተገኘ ነበር የተደሰቱት። በዚያው ዓመት ኤዲሰን ስኬኔክታዲን ሲጐበኝ ስታይንሜትዝ ይህንኑ አሳይቶታል።

ሚስት አላገባም። ጆሴፍ ሄይደን የሚባለውን ረዳቱን እንደ ልጅ ተቀብሎ፣ ከእርሱና ከሚስቱ ከልጆቻቸውም ጋር በአንድ ቤት ይኖር ነበር፤ ልጆቹም አያታቸው አድርገውት አደጉ። ከእነርሱ ጋር እስከ አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ድረስ ተጉዞ ከተመለሰ በኋላ ጥቅምት 26 ቀን 1923 ዓ.ም. በመኖሪያ ቤቱ በ58 ዓመቱ ሞተ።

ኩባንያው ከዚያ በፊት በ1922 ዓ.ም. በቀድሞው ፕሬዚዳንቱ በቻርልስ ኮፊን ስም ማኅበር አቋቁሞ ኮሌጅ ለጨረሱ ወጣቶች ለከፍተኛ ጥናት ገንዘብ መስጠት ጀምሮ ነበር። በ1929 ዓ.ም. ጄኔራል ኤሌክትሪክና የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተባብረው የአንድን አገር የኤሌክትሪክ መረብ በትንሹ አስመስሎ የሚያሳይ መሣሪያ በኢንስቲትዩቱ ውስጥ ሠሩ። ተማሪዎች ምርምራቸውን፣ የኃይል ኩባንያዎችም የመስመሮቻቸውን ችግር በዚያው መሣሪያ ያጠኑበት ነበር። በ1939 ዓ.ም. ደግሞ የዌስቲንግሃውስን መሐንዲስ የቻርልስ ፎርቴስክን መታሰቢያ በማድረግ ለኤሌክትሪክ ኃይል ተማሪዎች የሚሰጥ የትምህርት ዕርዳታ ተመሠረተ። የስታይንሜትዝ መኖሪያ ቤት በ1938 ዓ.ም. ፈርሷል፤ በዩኒየን ኮሌጅ ግን ተማሪዎች የምርምር ሥራቸውን ለሕዝብ የሚያቀርቡበት ዓመታዊ ጉባኤ በስሙ ይጠራል።