ፖል ፊትስ፦ ከአውሮፕላን መቆጣጠሪያ እስከ ኮምፒውተር ምናሌ

መግቢያ

ተጠቃሚው እንደ ፍላጎቱ የሚያበጃቸውን ምናሌዎችና የመሣሪያ አሞሌዎች የሚነድፍ ባለሙያ ሁለት ጥያቄዎች ይገጥሙታል። አንደኛው አዘውትሮ የሚፈለገው ትእዛዝ ለእጅ እንዴት ይቅረብ የሚል ነው፤ ሁለተኛው እጅ የለመደው ቦታ ሲለወጥ ምን ይከተላል የሚል ነው። ለሁለቱም መሠረት የጣሉት፣ የግል ኮምፒውተር ከመስፋፋቱ በፊት ያረፉት አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፖል ሞሪስ ፊትስ ናቸው። ይህ ጽሑፍ ሕይወታቸውን በአጭሩ ይዳስሳል፤ በስማቸው የሚጠራው ሕግ ከቀደመው የስሕተት ጥናታቸው ተነጥሎ ሲነበብ ነዳፊውን ሊያሳስት እንደሚችልም ያመለክታል። ዘመናቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ትምህርትና አገልግሎት

ፊትስ በ1912 በቴነሲ ግዛት፣ ማርቲን በተባለች ከተማ ተወለዱ። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በቴነሲ፣ ሁለተኛውን በብራውን፣ ዶክትሬታቸውን ደግሞ በ1938 በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ አገኙ። ጥቂት ዓመታት በመምህርነት ካገለገሉ በኋላ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ አየር ኃይል ወሰዳቸው። በ1945ም በኦሃዮ ግዛት በራይት ፊልድ በሚገኘው የአየር ሕክምና ላቦራቶሪ ውስጥ የሥነ ልቦና ክፍሉን መምራት ጀመሩ።

የ460 ስሕተቶች ጥናት

በዚያ ክፍል ፊትስ ከሪቻርድ ጆንስ ጋር ሆነው፣ አብራሪዎች መቆጣጠሪያዎችን ሲጠቀሙ የገጠሟቸውን 460 ስሕተቶች ሰብስበው መረመሩ፤ ውጤቱም በ1947 ቀረበ። ከስሕተቶቹ ግማሽ ያህሉ አንዱን መቆጣጠሪያ በሌላው የመተካት ነበሩ። አብራሪው ፍላፑን ያንቀሳቀሰ እየመሰለው የማረፊያ ጎማውን ያጥፍ ነበር። የሞተር መቆጣጠሪያዎቹ አቀማመጥም ከአውሮፕላን አውሮፕላን ይለያይ ነበር። በቢ-25 ከግራ ወደ ቀኝ የሞተር ኃይል፣ የፕሮፔለርና የነዳጅ ቅይጥ እጀታዎች ይከታተላሉ፤ በሲ-47 የፕሮፔለሩ ይቀድማል፤ በሲ-82 ደግሞ የነዳጅ ቅይጡ። ከአንዱ ወደ ሌላው የተዛወረ አብራሪ፣ ልዩነቱን በሚገባ እያወቀ እንኳ፣ በጭንቅ ሰዓት እጁ ወደ ለመደው ቦታ ይሄድበታል።

ጥናቱ የደረሰበት ድምዳሜ ጥፋቱን በአብራሪው ቸልተኝነት ብቻ ማሳበብን የሚሞግት ነበር። መፍትሔው የመቆጣጠሪያዎቹን ቦታ፣ ቅርጽና የእንቅስቃሴ አቅጣጫ ወጥ ማድረግ ሆነ።

የርቀትና የስፋት ሕግ

ፊትስ በ1949 ወደ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። በ1954 ባሳተሙት ጥናት 16 ወንድ ተማሪዎች በእጃቸው በያዙት ዘንግ ሁለት የብረት ሰሌዳዎችን በተቻለ ፍጥነት እያፈራረቁ እንዲነኩ አደረጉ። የሰሌዳዎቹ ስፋት ከሩብ ኢንች እስከ 2 ኢንች፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ደግሞ ከ2 እስከ 16 ኢንች ነበር። እንቅስቃሴው የሚፈጀው ጊዜ የርቀቱንና የስፋቱን ንጽጽር በሎጋሪዝም እንደሚከተል ታየ። በመሆኑም ርቀቱም ስፋቱም እኩል ሁለት እጥፍ ቢያድጉ የሥራው ክብደት አይለወጥም።

በ1958 ወደ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ አቀኑ። በዚያም ሙያ የሚለመድባቸውን ደረጃዎች አጠኑ፤ በመጨረሻው ደረጃ ላይ ድርጊቱ ብዙ ሐሳብ ሳይጠይቅ በራሱ ይከናወናል። በ1965፣ 53ኛ ዓመታቸውን ሊይዙ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው፣ በድንገት ዐረፉ። ከማይክል ፖስነር ጋር የጻፉት መጽሐፍ የታተመው ከሞታቸው በኋላ በ1967 ነው።

ለሚበጁ ምናሌዎች ያለው ፋይዳ

በ1978 ስቱዋርት ካርድ፣ ዊልያም ኢንግሊሽና ቤቲ በር በዜሮክስ የምርምር ማእከል የማውስ እንቅስቃሴ የፊትስን ሕግ እንደሚከተል አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ሕጉ የአዝራሮችን መጠንና ቦታ ለመወሰን ያገለግላል። ሕጉን ብቻ የያዘ ነዳፊ ግን፣ አዘውትሮ የሚፈለገው ትእዛዝ ወደ እጅ እንዲቀርብ ፕሮግራሙ ራሱ ቦታውን ቢለውጠው መልካም ነው ወደሚል ሐሳብ በቀላሉ ይደርሳል። ማይክሮሶፍት ኦፊስ 2000 ብዙም ያልተነኩ ትእዛዞችን ከምናሌው ይሰውር የነበረው ከዚህ በማይርቅ እሳቤ ነው። የቀሪዎቹ ቦታ ስለሚዋዥቅ ግን ተጠቃሚው ምናሌውን እንደገና በዓይኑ መፈለግ ይገደዳል። ሕጉ የሚለካው ዒላማው የት እንዳለ ከታወቀ በኋላ ያለውን እንቅስቃሴ ነው፤ የፍለጋው ጊዜ በስሌቱ ውስጥ የለም።

ሊያ ፊንድላተርና ጆአና መክግሬነር በ2004 ያቀረቡት ሙከራ ይህን ያጠናክራል። በሙከራው ቋሚው ምናሌ በራሱ ከሚለዋወጠው ይልቅ ፈጣን ሆኖ ተገኘ። ተጠቃሚው ራሱ ያበጀው ምናሌ በአንዳንድ ሁኔታዎች ከቋሚው ብዙም አልዘገየም፤ አብዛኞቹ ተሳታፊዎችም እርሱን መረጡ።

ማጠቃለያ

ከፊትስ ሁለት ሥራዎች በአንድነት ሦስት የንድፍ መመሪያዎች ይመነጫሉ። አንደኛ፣ የቦታ ለውጥ በፕሮግራሙ ግምት ሳይሆን በተጠቃሚው ውሳኔ ይፈጸም። ሁለተኛ፣ ወደ መሣሪያ አሞሌ የሚመጣ ትእዛዝ በቀድሞ ቦታውም ይኑር፤ ይባዛ እንጂ አይነቀል። ሦስተኛ፣ ወደ መነሻው አቀማመጥ መመለስ ቀላል ይሁን። በቤተ መጻሕፍት ወይም በላቦራቶሪ የጋራ ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጥ ሰው፣ ሌላ ሰው ያበጀው አሞሌ ሲጠብቀው፣ ከቢ-25 ወደ ሲ-47 እንደተዛወረው አብራሪ ነውና። የሚከፈለው ዋጋ እንደ አብራሪው ሕይወት ባይሆንም፣ ስሕተቱ ሲፈጠር ተጠያቂው እጁ ሳይሆን አቀማመጡ ነው።