አባ ጎርጎርዮስ፦ የአማርኛ ሰዋስው ባለውለታ

በቃላት አመሠራረት ትምህርት ወንድም ብለን ወንድማማች፣ ዘመድ ብለን ዝምድና እያልን እንዘረዝራለን። ለመሆኑ አማርኛን በሰዋስው መልክ ለአውሮፓ ያደረሰው ማነው? ብዙዎቻችን ጀርመናዊውን ኢዮብ ሉዶልፍን እንጠራለን። መምህሩን ግን እምብዛም አናነሳቸውም።

አባ ጎርጎርዮስ የአማራ አገር የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው። ከጀስዊት ሚስዮናውያን ጋር ቆይተው ነበርና፣ አፄ ፋሲለደስ በ1630ዎቹ እ.ኤ.አ. ሚስዮናውያኑን ሲያባርሩ እሳቸውም አገር ለቀው ወጡ። በመጨረሻም ሮም፣ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በሚያርፉበት የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ገቡ። በ1649 ሉዶልፍ ያገኛቸው እዚያ ነው። ልጁ ግዕዝን ከመጽሐፍ ብቻ ስለተማረ መናገሩ ይቸግረው ነበር። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት አባን ወደ ጀርመን ጋበዛቸው። እዚያም ስለ አገራቸው ታሪክ፣ ሥርዓትና ቋንቋ እየተጠየቁ መለሱ። ከተለያዩ በኋላም ከሉዶልፍ ጋር በግዕዝ ይጻጻፉ ነበር።

መጽሐፍ ብቻውን ለምን አይበቃም? እንጀራንና እናትን ለየብቻ የሚያውቅ የውጭ ሰው እንጀራ እናት ሲባል እንጀራ የምትጋግር ሴት ሊመስለው ይችላል። የአባት ሚስት መሆኗን የሚነግረው በቋንቋው ያደገ ሰው ነው። አዴት ገበያ የማናውቃቸውን ሽማግሌ አባባ ስንልም ዘመዳችን ሆነው አይደለም። በብዙ የአማዞን ቋንቋዎች ደግሞ አባት ብሎ ማቆም አይቻልም፤ አባቴ ወይም አባቱ ተብሎ ባለቤቱ መታወቅ አለበት። ይሄም የሚገኘው ከተናጋሪው አፍ ነው።

አባ ግን የድካማቸውን ፍሬ አላዩም። በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ተሳፍረው ሳለ መርከባቸው ተሰብሮ ሜዲትራንያን ባሕር ላይ ሞቱ። ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፣ የአማርኛውን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1698 ፍራንክፈርት ላይ አሳተመ። አባ ከሞቱ 40 ዓመት ሆኗቸዋል። ደግነቱ ሉዶልፍ አልካዳቸውም፤ ያስተማሩት እሳቸው መሆናቸውን በስማቸው ጠርቶ ጽፏል።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው። አዴትም ሆነ ፍኖተ ሰላም ምንጅላትንና ዋርሳን ለይተው የሚያስረዱ አያቶች አሉን። ነገ ግን ላይኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ ለክረምት ቤት ስንገባ ደብተር ይዘን እንጠይቃቸው፤ የነገሩንን ስንጽፍም ስማቸውን አንርሳ።