ጄምስ ፊትዝጄምስ ስቲቨን እና የወንጀል ኃላፊነት መሠረቶች በእንግሊዝ ሕግ

መግቢያ

በእንግሊዝ ሕግ የወንጀል ኃላፊነት በሁለት ምሰሶዎች ላይ ይቆማል። የመጀመሪያው ግዙፋዊ ፍሬ ነገር ነው፤ ይኸውም ሕግ የከለከለው ድርጊት ወይም ግድፈት፣ እንደ ወንጀሉም ዓይነት ከድርጊቱ የተከተለው ውጤት ነው። ሁለተኛው ሞራላዊ ፍሬ ነገር ሲሆን፣ አድራጊው ድርጊቱን በፈጸመበት ጊዜ የነበረውን የሐሳብ ሁኔታ ይመለከታል። በመርሕ ደረጃ ሁለቱ ተገናኝተው ካልተረጋገጡ ጥፋተኛ የሚባል ሰው አይኖርም። ኤድዋርድ ኩክ ከሞቱ በኋላ በ1644 እ.ኤ.አ. በታተመው ሥራቸው ይህንኑ መርሕ በአንድ አጭር የላቲን ብሂል አስፍረውት ነበር። ብሂሉ ጥፋተኛ ሐሳብ እንደሚያስፈልግ ቢናገርም፣ ምን ዓይነት ሐሳብ ጥፋተኛ እንደሚያሰኝ አይገልጽም።

ለዚህ ጥያቄ ጥርት ያለ መልስ ከሰጡት የሕግ ሊቃውንት አንዱ ጄምስ ፊትዝጄምስ ስቲቨን ናቸው። ይህ አጭር ጽሑፍ የሕይወት ታሪካቸውን ተከትሎ፣ የመልሱን ፋይዳና እርሳቸው ራሳቸው ከመልሱ በራቁበት ጊዜ የደረሰውን ጉዳት ለማሳየት ይሞክራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ትምህርትና የሥራ ጅማሬ

ስቲቨን በ1829 በለንደን ተወለዱ። አባታቸው በቅኝ ግዛቶች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበሩ፤ ታናሽ ወንድማቸው ሌዝሊ ስቲቨን ደግሞ በኋላ ስመ ጥር ደራሲና ሐያሲ ሆነዋል። በኢተን ትምህርት ቤት፣ በለንደን ኪንግስ ኮሌጅና በካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ ከተማሩ በኋላ በ1854 የጥብቅና ፈቃድ አገኙ። የጥብቅናው ገቢ ስላልበቃቸው ለጋዜጦችና ለመጽሔቶች በብዛት ይጽፉ ነበር።

በ1863 ያሳተሙት ስለ እንግሊዝ የወንጀል ሕግ አጠቃላይ ገጽታ የሚያትት መጽሐፍ የኋለኛው ሥራቸው መነሻ ሆነ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ የወንጀል ሕግ በአንድ ቦታ ተጠቃሎ አልተጻፈም ነበር። የኃላፊነት አጠቃላይ መርሖች በዳኞች ውሳኔዎች፣ በቀደምት ሊቃውንት መጻሕፍትና በየጊዜው በወጡ አዋጆች ውስጥ ተበታትነው ይገኙ ነበር። የነፍስ ግድያ ትርጓሜ እንኳ በሕግ አውጪው የተደነገገ አልነበረም። ስቲቨን ይህን እንደ ከባድ ጉድለት ቆጠሩት። ሰውን በሞት የሚቀጣ ሕግ የሚቀጣበትን ምክንያት በግልጽ ቃል የማስቀመጥ ግዴታ አለበት የሚል እምነት ነበራቸው።

ከህንድ እስከ ረቂቁ ሕግ

በ1869 በህንድ የእንግሊዝ እንደራሴ ምክር ቤት የሕግ አባል ሆነው ተሾሙ። በሁለት ዓመት ተኩል የአገልግሎት ጊዜያቸው በርካታ አዋጆችን ለውሳኔ አብቅተዋል። ከእነዚህ ዋነኛው እርሳቸው ያረቀቁት የ1872 የማስረጃ ሕግ ሲሆን፣ ህንድ ውስጥ ከ150 ዓመታት በላይ ሲሠራበት ቆይቶ በ2024 በሌላ ሕግ ተተክቷል። የህንድ ልምዳቸው ሕግን በአንቀጽ ከፋፍሎ በአጭርና በማያሻማ ቋንቋ መጻፍ እንደሚቻል አሳመናቸው።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በ1873 የጆን ስቱዋርት ሚልን የነጻነት አስተሳሰብ የሚሞግት መጽሐፍ አሳተሙ። በዚህና በሌሎች ሥራዎቻቸው ስለ ቅጣት ያላቸው አቋም ጥብቅ ነው። ቅጣት ከማስፈራራት አልፎ ኅብረተሰቡ በወንጀለኛው ላይ ያለውን ጥላቻ መግለጫ ጭምር መሆን አለበት ይላሉ። ይህ አቋም ከትርጓሜ ጥራት ጋር የሚጋጭ ቢመስልም፣ በእርሳቸው ዘንድ ሁለቱ የተያያዙ ነበሩ፤ ቅጣቱ ከባድ በሆነ መጠን ቅጣቱ የሚያርፍበት ሰው ማን እንደሆነ በጥንቃቄ ተለይቶ መታወቅ ይኖርበታል።

በ1877 የወንጀል ሕጉን በአንቀጽ ያጠቃለለ መጽሐፍ አወጡ። ይህን መሠረት አድርገው ያዘጋጁት ረቂቅ ሕግ በ1878 ለፓርላማ ቀረበ፤ ከዚያም እርሳቸው ራሳቸው አባል በሆኑበት የዳኞች ኮሚሽን ተመርምሮ በ1879 ተሻሽሎ ወጣ። ረቂቁ በእንግሊዝ ፓርላማ ሳይጸድቅ ቢቀርም ለካናዳ የ1892 የወንጀል ሕግ ዋነኛ ምንጭ ሆኗል።

በዳኝነት ወንበር

ስቲቨን በ1879 የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ተሾሙ። በ1883 ደግሞ የእንግሊዝ የወንጀል ሕግ ታሪክን በሦስት ቅጽ አሳተሙ። በዚህ ሥራ የ1843ቱ የማክኖተን መመዘኛዎች የአእምሮ ሕመምን ከማወቅና ካለማወቅ ጋር ብቻ ማያያዛቸውን ተችተዋል። በሕመም ምክንያት ራሱን የመቆጣጠር ኃይል ያጣ ሰውም ከኃላፊነት ነጻ መሆን አለበት ሲሉ ተከራክረዋል።

በ1887 በቀረበው የሰርኔ ጉዳይ ተከሳሾቹ የኢንሹራንስ ገንዘብ ለማግኘት ቤት አቃጥለው የአንዱን ተከሳሽ ልጅ ለሞት ዳርገዋል ተብለው በነፍስ ግድያ ተከሰሱ። በቀድሞው አመለካከት ከባድ ወንጀል ሲፈጽም ሰው የገደለ ሁሉ፣ መግደልን ባያስብም፣ ነፍሰ ገዳይ ይባል ነበር። ስቲቨን ለጁሪው በሰጡት መመሪያ ይህን አጠበቡት። ድርጊቱ ለሕይወት አደገኛ መሆኑ የታወቀና በራሱ ሞትን ሊያስከትል የሚችል ካልሆነ፣ ሌላ ከባድ ወንጀል ለመፈጸም መታሰቡ ብቻ ሞቱን የነፍስ ግድያ አያደርገውም አሉ። ተከሳሾቹም ነጻ ወጡ።

1889፦ ሁለት ሴቶች፣ ሁለት ፍርዶች

የስቲቨን አስተሳሰብ ጎልቶ የወጣው በቶልሰን ጉዳይ ነው። ተከሳሿን ባሏ በ1881 ጥሏት ሄደ፤ ከዚያም ወደ አሜሪካ ሲጓዝ ከመርከብ ጋር ሰጥሞ ሞቷል የሚል ወሬ ደረሳት። በ1887 መጀመሪያ ሌላ ሰው አገባች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የመጀመሪያው ባል በሕይወት ተመለሰ። በጋብቻ ላይ ጋብቻ መፈጸምን የሚቀጣው የ1861 አዋጅ ሰባት ዓመት ሙሉ የትዳር ጓደኛው የጠፋበትንና በሕይወት መኖሩን ያላወቀን ሰው ነጻ ያደርጋል፤ ለእርሷ ግን ይህ ጊዜ አልሞላም። የሥር ጉዳዩን በተዘዋዋሪ ችሎት ያዩት ስቲቨን ራሳቸው ነበሩ። ጥያቄው በበላይ ችሎት እንዲወሰን ሲሉ ቅን እምነቷ መከላከያ እንደማይሆን ለጁሪው ገለጹ፤ ጥፋተኛ ስትባልም የአንድ ቀን እስራት ብቻ ወሰኑባት።

በ1889 የበላይ ችሎቱ በ9 ዳኞች ድምፅ በ5 ተቃውሞ ፍርዱን ሻረ። ከአብዛኞቹ ጋር የቆሙት ስቲቨን የጥንቱ የላቲን ብሂል ሊያሳስት እንደሚችል አስረዱ። ብሂሉ ለወንጀሎች ሁሉ የሚሆን አንድ የጋራ ክፉ ሐሳብ ያለ ያስመስላል፤ በእውነቱ ግን እያንዳንዱ ወንጀል የራሱ የሐሳብ ሁኔታ አለው። በስርቆት የመስረቅ ሐሳብ፣ የተሰረቀ ዕቃ በመቀበል ደግሞ ዕቃው የተሰረቀ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። እንደዚሁም በበቂ ምክንያትና በቅን ልቦና በፍሬ ነገር የተሳሳተ ሰው፣ ሕግ አውጪው በተለየ ሁኔታ ካልደነገገ በቀር፣ ነገሩ እንዳመነው ሆኖ ሳለ እንደፈጸመ ይቆጠራል።

ከዚህ ውሳኔ ሦስት ወር ገደማ በኋላ ስቲቨን በሊቨርፑል የፍሎረንስ ሜይብሪክን ጉዳይ መሩ። አሜሪካዊት ተወላጅ የሆነችው ተከሳሽ የጥጥ ነጋዴ ባሏን በአርሴኒክ መርዝ ገድላለች ተብላ ተከሰሰች። ሟቹ ከቀድሞም አርሴኒክ የመውሰድ ልማድ እንደነበረው በማስረጃ ቀርቧል፤ የሞቱ ምክንያትም በሐኪሞች መካከል አከራካሪ ነበር። በጊዜው ሕግ ተከሳሿ ቃለ መሐላ ፈጽማ መመስከር አትችልም ነበር። ከአራት ዓመት በፊት በድንገተኛ ሕመም የተመቱት ዳኛ ሁለት ቀን በፈጀው የማጠቃለያ ገለጻቸው ለተከሳሿ ዝሙት ሰፊ ቦታ ሰጡ። ጁሪው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጥፋተኛ አላት፤ ሞትም ተፈረደባት።

የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ቅጣቱን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጡት። የሰጡት ምክንያት ለሕግ ተመራማሪ ትኩረት የሚገባው ነው፤ ለመግደል አስባ መርዝ መስጠቷ ተረጋግጧል፣ ነገር ግን ሟቹ የሞተው በመርዙ መሆኑ ምክንያታዊ ጥርጣሬ አለበት የሚል ነበር። በድርጊቱና በሞቱ መካከል ያለው የምክንያትና ውጤት ትስስር አጠራጣሪ ከሆነ፣ ከነፍስ ግድያ ግዙፋዊ ፍሬ ነገር አንዱ ክፍል አልተሟላም። የሚቀረው የግድያ ሙከራ ነው፤ በዚህ ግን አልተከሰሰችም። ተከሳሿ እስከ 1904 ድረስ በእስር ቆየች። የወንጀል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የተቋቋመው በ1907 ስለሆነ፣ ፍርዱን በፍሬ ነገር መርምሮ ሊያርም የሚችል ችሎት በዚያ ጊዜ አልነበረም።

ማጠቃለያ

በዳኝነት ችሎታቸው ላይ የሕዝብ ወቀሳ የበረታባቸው ስቲቨን በ1891 ሥራቸውን ለቀቁ፤ በ1894ም አረፉ። በሰርኔ ጉዳይ ያጠበቡት ደንብ በ1957 በአዋጅ ተሽሯል። የጌቶች ምክር ቤት በ2000 በሰጠው ውሳኔ ደግሞ ከቶልሰን ውሳኔ አልፎ ሄዶ፣ ሞራላዊ ፍሬ ነገር እንደሚያስፈልግ በሚገመትበት ወንጀል የተከሳሹ እምነት እውነተኛ ከሆነ በቂ ምክንያት ያለው መሆኑ እንደማያስፈልግ አመልክቷል። የተሟላ የወንጀል ሕግ መጽሐፍ ግን እንግሊዝ እስካሁን የላትም።

የ1889 ሁለት ፍርዶች አንድ ላይ ሲነበቡ የወንጀል ኃላፊነት መርሕ ከምን እንደሚጠብቅ ያሳያሉ። በቶልሰን ጉዳይ ስቲቨን በነውርና በወንጀል፣ በስሕተትና በጥፋት መካከል ያለውን ድንበር በትክክል አስምረዋል። በሜይብሪክ ጉዳይ የተከሳሿ ነውር ባልተረጋገጠው ፍሬ ነገር ቦታ እንዲገባ መንገድ ከፍተዋል። ስለዚህ ፍሬ ነገሮችን ለያይቶ መተንተን ለፈተና ብቻ የሚጠና የትምህርት ቤት ዘዴ አይደለም፤ ዳኛው የተከሳሹን ምግባር በሚጠላበት ጊዜ እንኳ ያልተረጋገጠውን እንደ ተረጋገጠ እንዳይቆጥር የሚይዘው ልጓም ነው።