ቴዎፍሎስ ዋልድማየር፦ ከጋፋት እስከ አስፉሪዬ

ከኩታበር በስተ ምዕራብ በሚገኘው በመቅደላ አምባ ላይ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ዛሬም ይታያል። ይህን መድፍ ካፈሰሱት ባለሙያዎች አንዱ ስዊሳዊው ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ነበሩ።

ዋልድማየር እ.ኤ.አ. በ1832 ተወለዱ። በባዝል አቅራቢያ ከሚገኘው የክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት ወጥተው በ1850ዎቹ መጨረሻ ኢትዮጵያ ገቡ። የተላኩት እየሠሩ ወንጌልን እንዲያስተምሩ ነበር። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ከባልደረቦቻቸው ጋር ሰፈሩ፤ የዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ አማካሪ የነበረውን የጆን ቤልን ልጅም አገቡ።

ንጉሠ ነገሥቱ ግን መድፍ ፈለጉ። የጋፋት ሠራተኞች የመድፍ ሙያ አልነበራቸውም፤ የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎችም ከሸፉ። አዲሱን ሥራ እየተማሩ፣ ከላኪዎቻቸው ርቀው፣ ምክር የሚጠይቁት ደብዳቤ ወራት እየፈጀባቸው፣ በጌታቸው ትዕግሥት ላይ ተንጠልጥለው ሠሩ። ሲሳካላቸው ክብርና ሽልማት አገኙ። ነገር ግን እያንዳንዱ ስኬት የሚቀጥለውን ትእዛዝ ያከብደው ነበር። እምቢ ማለትም ሆነ አገር ጥሎ መሄድ አይቻልም። የእጅ ሥራ ደስታና የልብ ሥጋት በአንድ ቤት አደሩ።

ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል እ.ኤ.አ. በ1867 ተሠራ። በዚያው ዓመት መጸው ጉዞው ከደብረ ታቦር ተጀመረ፤ ገደል እየተናደ፣ መንገድ እየተጠረገ፣ በዋድላና በደላንታ በኩል በሽሎን ተሻግሮ ከወራት በኋላ መቅደላ ደረሰ። በዚያ አምባ የእንግሊዝ መልእክተኞች በሰንሰለት ታስረው ነበር። ሠራተኞቹ ሰንሰለት ባይኖርባቸውም ነፃ አልነበሩም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲያዝ ንጉሠ ነገሥቱ ሕይወታቸውን አጠፉ፤ ሠራተኞቹም ከአገር ወጡ።

ዋልድማየር ኑሯቸውን በሊባኖስ መሠረቱ። በ1873 በብሩማና ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በዚያ አገር የአእምሮ ሕሙማን በሰንሰለት ይታሰሩ ነበርና፣ ከ1896 ጀምሮ ለሕሙማኑ ገንዘብ ሲያሰባስቡ ቆይተው የአስፉሪዬ ሆስፒታል በ1900 ተከፈተ። በ1915 ሞቱ።

የጋፋቱ ታሪክ ለባለሙያ ሁሉ ትምህርት ይሰጣል። ሠራተኛን ከሥራው የሚያስተሳስረው ደመወዝና ሽልማት ብቻ አይደለም፤ የማያውቀውን መሣሪያ ለመማር የሚሰጠው ጊዜ፣ አይቻልም ለማለት ያለው ነፃነትና በሩቅ ሆኖ የሚያገኘው ድጋፍ ጭምር ነው። ዋልድማየር በጋፋት ከሦስቱም ጥቂቱን ብቻ አገኙ፤ በዕድሜያቸው ማምሻ ግን የሌሎችን አእምሮ የሚያሳርፍ ቤት ሠርተው አለፉ።