ዐፄ ቴዎድሮስና የጋፋት እሳት

ባለፈው ዓመት የወላጆች በዓል በተከበረ ጊዜ እኔና አምስት የክፍል ጓደኞቼ በሰው ፊት አፍረናል። ከሃይላንድ ጠርሙስ፣ ከካርቶንና ከብስክሌት ጎማ መንፊያ አንዲት ትንሽ ሮኬት ሠርተን ነበር። ውሃውን እስከ ሲሶው ሞልተን፣ አየሩን ነፍተን፣ መምህራንና ወላጆች ዙሪያውን ከበው እየተመለከቱን በለቀቅናት ጊዜ፣ ሮኬቲቱ ወደ ሰማይ መውጣቱን ትታ በጎኗ ተጋደመችና ውሃዋን ሁሉ በፊተኛው ረድፍ በተቀመጡት እናቶች ነጠላ ላይ ረጨችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ከትምህርት ቤት እስከ አጠና ተራ ድረስ አንገቴን ደፍቼ ሄድሁ።

ያልሳቀ ሰው ቢኖር አባቴ ብቻ ነው። አባቴ በኮልፌ በያጅ ነው፤ በርና መስኮት እየበየደ አራት ልጆች ያስተምራል። እውነቱን ለመናገር፣ ጓደኞቼ የአባቴን ሥራ ሲጠይቁኝ ነጋዴ ነው እያልሁ እመልስ ነበር። በዚያ ቀን አባቴ የወደቀችውን ጠርሙስ አንሥቶ አፏን ካገላበጠ በኋላ፣ ያቆምንባትን የእንጨት መደገፊያ በእጁ ነካ አድርጎ መጣመሙን አሳየኝ። እኔ ግን አፍሬ ስለ ነበር አልሰማሁትም።

በማግሥቱ የፊዚክስ መምህራችን መላ ክፍሉን ሰብስበው ስለ ሮኬት አስተማሩን። አንድ ትንሽ የግል ኩባንያ የመጀመሪያውን ሮኬት ለማስወንጨፍ ስንት ዓመት እንደሚደክም ነገሩን። ስፔስኤክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንኳ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2006 የመጀመሪያ ሮኬቱን ባስወነጨፈ ጊዜ አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ሞተሩ ጠፍቶ እንደ ወደቀ፣ የተሳካለትም በ2008 በአራተኛው ሙከራ እንደ ሆነ አስረዱን። ቀጥለውም በአገራችን ባለሙያ ሰብስቦ፣ ምድጃ አስነድዶ፣ ከባድ ነገር ወደ ሩቅ ለመወርወር የደከመ ማን እንደ ነበረ ጠየቁን። መልስ የሰጠ አልነበረም። እርሳቸውም በቸርችል ጎዳና ካለው ከቴዎድሮስ አደባባይ ሄደን የሴባስቶፖልን ምስል እንድናይና የንጉሡን ታሪክ እንድናነብ አዘዙን። እኔም ሄጄ አየሁ፤ አነበብሁም። ከዚህ በታች የምጽፈው ያነበብሁትንና ያሰብሁትን ነው።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱ ደጃዝማች ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ፣ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ይባላሉ። አባቱ ከሞቱ በኋላ እናቱ ተቸግረው ስለ ነበር፣ ጠላቶቹ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቡት ነበር። ይህ ስድብ እስኪነግሥ ድረስ፣ ከነገሠም በኋላ አልለቀቀውም። በገዳም ጥቂት ከተማረ በኋላ በቋራ በረሃ ሽፍታ ሆነ፤ ኃይሉም እየበረታ ሲሄድ የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን አገባ።

በ1840 ዓ.ም. ካሣ በሱዳን ጠረፍ ደባርቂ በተባለ ቦታ ከግብጽ ወታደሮች ጋር ተዋጋ። ጀግንነት ሳይጎድለው ተሸነፈ። ግብጾቹ ከምሽጋቸው ውስጥ ሆነው በመድፍና በሥርዓት በሚተኮስ ጠመንጃ ሰዎቹን አጨዱበት። ብዙ ሰው ከእንዲህ ያለ ሽንፈት ቂም ብቻ ይዞ ይመለሳል፤ ካሣ ግን ትምህርት ይዞ ተመለሰ። በዚያን ቀን የገባው ነገር ቢኖር፣ ልብ ያለ ብረት በቂ አለመሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ደጃዝማች ጎሹን በጉር አምባ፣ ራስ ዓሊን በዓይሻል፣ ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ድል አድርጎ፣ የካቲት 5 ቀን 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባለ። የዘመነ መሳፍንት መጨረሻ ይህ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ በኋላ ደባርቂን አልረሱም። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በተባለው ቦታ የውጭ አገር ሰዎችን አሰፈሩ። ከእነዚህ መካከል ዋልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ቤንደርና ማየር ይገኙ ነበር። አብዛኞቹ በስዊስ አገር ባዝል አጠገብ ካለው ከክሪሾና ትምህርት ቤት ወንጌል ለመስበክ የመጡ የእጅ ሙያ የነበራቸው ሰዎች ናቸው። ሞሪስ ሆል የተባለ የፖላንድ ሰውና ቡርጎ የተባለ ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪም ከእነርሱ ጋር ነበሩ። ንጉሡ መድፍ እንዲሠሩላቸው በጠየቋቸው ጊዜ ሥራው የማያውቁት ሆነባቸው፤ ነገር ግን እምቢ ማለት አልተቻላቸውም።

እስቲ አስቡት! ፋብሪካ የለም፣ የብረት መለኪያ የለም። ያለው ሸክላ፣ ከሰል፣ ወናፍና የሰው ጉልበት ብቻ ነው። ብረቱን ለማቅለጥ ምድጃው ከሚችለው በላይ መጋል አለበት፤ ቅርጽ ማውጫው ጥቂት እርጥበት ከቀረው የቀለጠው ብረት ሲፈስበት ይፈነዳል፤ ብረቱ እኩል ካልበረደ መድፉ ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ንጉሡ ግን እንደ ገና ሞክሩ አሏቸው እንጂ ሥራውን አልተዉም። በመጨረሻ በተሳካ ጊዜ ሠሪዎቹን አብዝተው ሸለሟቸው። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው እየተባለ በሚናቅበት አገር፣ ንጉሠ ነገሥቱ የብረት ሥራን ከዙፋናቸው አጠገብ አስቀመጡት። ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ስለ አባቴ አሰብሁ።

ንጉሡ ባለሙያ እንዲላክላቸው ይመኙ ስለ ነበር በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልስ ግን ቀረባቸው። በዚህ ተቈጥተው በ1856 ዓ.ም. ቆንስሉን ካሜሮንን አሰሩ። በኋላም ባለሙያዎችና መሣሪያዎች እስከ ምጽዋ መጥተው ሳለ፣ እስረኞቹ አስቀድመው ይፈቱ በመባሉ ወደ አገር ውስጥ ሳይገቡ ቀሩ። አንዱ እስረኛውን፣ ሌላው ባለሙያውን ይዞ ሲጠባበቅ ጊዜው አለፈ።

ከጋፋት ሥራዎች ሁሉ ታላቋ ሴባስቶፖል ናት። ስሟም ሩሲያ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር ከተዋጋችበት ከክሪሚያ ወደብ የተወሰደ ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። በገደሉና በሸለቆው መንገድ አልነበረም፤ መንገዱን እየሠሩ ሄዱ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከሠራዊታቸው ጋር ድንጋይ ይፈነቅሉና ይሸከሙ ነበር። ሴባስቶፖልም በሠረገላ ላይ ተጭና፣ ሰው በጠፍር እየጐተታት፣ በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሰች። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጅቷል።

በዚያው ጊዜ ጄኔራል ናፒየር 13,000 የሚያህል ወታደርና 44 ዝሆኖች ይዞ ከዙላ ተነሥቶ ይመጣ ነበር። ዓርብ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ ሁለቱ ጦሮች በአሮጌ ሜዳ ተገናኙ። ከፋላ አምባ የተተኰሱት የንጉሡ መድፎች ከእንግሊዞቹ ራስ በላይ አልፈው ወደቁ። ፊታውራሪ ገብርዬ ሠራዊታቸውን ይዘው ቁልቁል ወረዱ። በዚህን ጊዜ የእንግሊዝ መርከበኞች በበቅሎ ጭነው ያመጡትን ሮኬት ለቀቁባቸው።

እንግዲህ የመድፍና የሮኬት ልዩነት ይህ ነው። መድፍ ኃይሉን ሁሉ ባንድ ጊዜ በጥይቱ ጀርባ ላይ ያወርዳል፤ ስለዚህ ያን ኃይል እንዲችል ግድግዳው እጅግ ወፍራምና ከባድ መሆን አለበት። ሮኬት ግን እሳቱን ራሱ ተሸክሞ ይሄዳል፤ ጋዙን ወደ ኋላ እየገፋ እርሱ ወደ ፊት ይነጉዳል። ስለዚህ አንዱን ለመጐተት የብዙ ሰው ጉልበት ሲያልቅ፣ ሌላውን በቅሎ ትሸከመዋለች። ንጉሡ ስድስት ወር ሙሉ የደከሙበት ክብደት፣ በዚያች አንድ ከሰዓት በኋላ ዋጋ አጣ። ገብርዬና ከ700 የሚበልጡ ወገኖቻችን ወደቁ። ሴባስቶፖልም የታሰበላትን ሳትሠራ ቀረች። ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ላለመስጠት ሲሉ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ትገኛለች።

የታላቅ ሰው ታሪክ ሲጻፍ ጥፋቱን መሸፈን ተገቢ አይመስለኝም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጐንደርን አቃጥለዋል፤ ከአሮጌ ጦርነት በፊት በነበረው ቀን ብዙ እስረኞችን በገደል አስጥለዋል። የጋፋት ባለሙያዎችም በመጨረሻው ከእስረኞች ጋር ተቈጥረው ነበር። ጋፋት ከንጉሡ በኋላ ያልቀጠለው ለዚህ ይመስለኛል። ሙያ በሽልማት ይበረታል፣ በትእዛዝም ይጀመራል፤ በፍርሃት ግን ሥር አይሰድም። አንድ ሰው በአንድ ዕድሜ ሊጨርሰው የፈለገው ሥራ፣ ተራ በተራ የሚረከቡት ተማሪዎች ያስፈልጉት ነበር።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና ምድር በቻይና ሮኬት ወደ ጠፈር ወጣች፤ የምድር መቀበያዋም ከኮልፌ ሆነን ራቅ አድርገን በምናየው በእንጦጦ ተራራ ላይ ተሠራ። ደስ ይላል። ነገር ግን ማስወንጨፊያው የሌላ ሰው እንደ ነበረ ልንረሳ አይገባም። የቴዎድሮስ ምኞት ገና አልተፈጸመም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! በጋፋት የመጀመሪያው ምድጃ መክሸፉን ካወቅሁ ወዲህ፣ በውሃ የራሱት ነጠላዎች እንደ ቀድሞው አያሳፍሩኝም። የሚያሳፍረኝ የአባቴን ሥራ መደበቄ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ወደ ብየዳ ቤቱ ሄጄ፣ የሮኬታችንን መደገፊያ በብረት እንዲሠራልን ለመንሁት። መነጽሩን አደረገ፣ በውሃ ልክ ለካ፣ በየደ፤ እኔም ብረቱን ያዝሁለት። ዘንድሮ በወላጆች በዓል እንደ ገና እናስወነጭፋለን። እናቶቻችን ግን በፊተኛው ረድፍ ባይቀመጡ ይሻላል።